የትኛው አንደኛ ፎቅ

ራን ሹፋን ቢጫ ባንዲራዋን ይዛ ጎብኚ ስታስከትል ብዙ ዘመኗ ነው። የቻይናዋ ቾንግቺንግ ገደል ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ቀልድ አያጥርባትም።

«ወደዚህ ሕንፃ ከወንዙ ዳር ስትገቡ አንደኛ ፎቅ ነው» ትላለች። «በአሳንሰር እስከ ጣራው ድረስ ስትወጡ ደግሞ አውቶቡስ የሚያልፍበት መንገድ አለ፤ እሱም አንደኛ ፎቅ ነው! እዚህ አገር በሩ መንገድ ላይ የወጣ ሁሉ አንደኛ ነኝ ባይ ነው፤ ልክ እንደ ባሌ።»

ያን ቅዳሜ ግን ቀልዱ አልመጣላትም። ታናሽ ወንድሟ ደሉ በአክስታቸው በኩል መልእክት ልኮባት ነበር፦ «ከሰዓት በኋላ በዚያ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ እጠብቃታለሁ። ካልመጣች ዳግመኛ አላስቸግራትም።»

ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ወንዙ ዳር የነበረው የእናታቸው ቤት እንዲፈርስ የፈረመው እሱ ነው። እናታቸው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ፤ ሹፋንም የቀብሩ ዕለት «ዓይንህን አታሳየኝ» አለችው። የስልክ ቁጥሩን እንኳ ከስልኳ አጥፍታዋለች። ሕንፃው የቆመው ያ ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው።

እሷም ላይኛው መንገድ ላይ፣ አውቶቡሶቹ ጎብኚ በሚያራግፉበት በር ቆመች። ጠበቀች። ሰው ባለፈ ቁጥር ልቧ ይዘላል። ደሉ የለም። «ድሮስ ከሱ ምን እጠብቃለሁ!» አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

አንዲት አሮጊት ጎብኚ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ከወንዙ ዳርና ከዚህ፣ ዋናው አንደኛ ፎቅ የቱ ነው?»

«ይኸው የቆሙበት ነዋ» ልትል አፏን ከፈተችና ቀረች። ደሉ ሕንፃው ሳይሠራ ከከተማው የወጣ ሰው ነው። እሱ የሚያውቀው በር አንድ ብቻ ነው፤ የወንዙ ዳሩን፣ ድሮ እናታቸው «ራት ደርሷል፣ ውረዱ!» እያሉ የሚጣሩበት።

አሳንሰሩ ፊት የተሰለፈው ሰው ማለቂያ የለውም። ሹፋን ባንዲራዋን ለአሮጊቷ አስይዛ በደረጃው ቁልቁል ሮጠች። ግድግዳ እየያዘች ወረደች።

መሃል ላይ፣ አንድ በር ወደ ጎን መንገድ በሚከፈትበት ፎቅ፣ የብርቱካን ከረጢት የታቀፈ ሰው እያለከለከ ሲወጣ አገኘችው። ጠጉሩ ሸብቷል።

«አንደኛ ፎቅ አላልክም?» ጮኸች።

«እዚያው አልነበርኩም እንዴ! በኋላ ግን ‹እትዬ አስጎብኚ ሆናለች፣ ላይ ነው የምትቆመው› አልኩ።»

«ይኸን ሁሉ ደረጃ? በዚህ ቦርጭ?»

«ቦርጬን ተይና ልቤን እዪልኝ። ልትፈነዳ ነው።»

ሊስቁ ሲሉ አለቀሱ። ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ስፈርም እናታችን በዚያ ቤት እርጥበት እንዳትሞትብን ብዬ ነበር» አለ ደሉ አንገቱን ደፍቶ። እሷም ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችው፤ ልጆች ሳሉም እንዲሁ ታካፍለው ነበር።

አንድ የጠፋ ጎብኚ በጎን በር ብቅ አለ። «ይቅርታ፣ ይሄ ስንተኛ ፎቅ ነው?»

ሁለቱም አፋቸው እንደሞላ «አንደኛ!» አሉ።