በኔ ደም የተመረመረው ሰውዬ

ሰውዬው ከደሴ ተዛውሮ ከሚሴ የመጣ የመሥሪያ ቤታችን ባለሙያ ነው። በተጨማሪም የኤች አይ ቪ ጉዳይ ተጠሪያችን ነበር። ይህን ሹመት ማንም አልተመኘውም፣ እሱ ግን ይወደዋል። ሥልጠና በተባለ ቁጥር አዳራሹ ፊት ቆሞ ኮንዶም ሙዝ ላይ አልብሶ ያሳየናል። ሸምገል ያሉት ሠራተኞች “አስተግፊሩላህ” እያሉ አንገታቸውን ሲደፉ እሱ ይበልጥ ይሞቀዋል። ድምፁ ያምራል። እኔም የወደድኩት ያንን ድምፅ ነው፤ ሌላ የሚወደድ ነገር እንዳልነበረው ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ።

ከባሌ ከተፋታሁ ቆይቻለሁ። ሰው እንዳያይብኝ እጠነቀቃለሁ እንጂ ሰው አልፈልግም ብዬ አልማልኩም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሱ በተከራየው ቤት ተገናኘን። ኮንዶሙን ያወጣው ከኪስ ቦርሳው፣ ከመታወቂያው ጀርባ ነው። ተቀደደ። መቀደዱን ካየሁ በኋላ ማሸጊያውን ከወለሉ አንስቼ አገላበጥኩት፤ ጠርዙ ተጨማዷል፣ ጽሑፉ ደብዝዟል። የከሚሴ ሙቀት ስንት ወር እንደቀቀለው አላህ ይወቅ። ፋርማሲ ገብቶ አዲስ እንዳይገዛ ባለፋርማሲው ያውቀዋል፤ ስለዚህ ያፍራል። መቶ ሰው ፊት ሙዝ ሲያለብስ የማያፍር ሰው!

እርግዝናው አላስጨነቀኝም፤ ክንዴ ላይ የተቀበረ መከላከያ አለኝ። ያስጨነቀኝ ሌላው ነው። ተመርምሮ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። ድሮ፣ ሥራ ሲቀጠር መሰለኝ አለ። መሰለኝ! ከዚያ ሱሪውን እያጠለቀ፣ አሁን ብንመረመር ምንም እንደማይታይ፣ ሦስት ወር ጠብቀን አንድ ላይ እንደምንመረመር በዚያ በአዳራሽ ድምፁ አስረዳኝ።

“ቫይረሱ እንዳይዝ በሦስት ቀን ውስጥ የሚጀመር መድኃኒት አለ ብለህ ያስተማርከን አንተ አይደለህ?” አልኩት።

ያ መድኃኒት በሥራ ላይ መርፌ ለሚወጋቸው የጤና ባለሙያዎች ነው አለኝ። ሥልጠናው ላይ እንዲህ አላለም።

እሁድን ግንባሬን በመዳፌ እየዳሰስኩ፣ ጉሮሮዬን በመስታወት እያየሁ ዋልኩ። በአንድ ቀን የሚታይ ምልክት እንደሌለ አውቃለሁ። ማወቄ ግን እጄን ከግንባሬ ላይ አላነሳልኝም። ሰኞ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

የምርመራ ክፍሏ ነርስ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። “አካም ቡልቴ?” ብላ ተቀበለችኝ፤ እኔም በኦሮምኛ መለስኩላትና ጉዳዬን በአማርኛ ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ነገር በእናቴ ቋንቋ መናገር ከበደኝ። እሷ ግን በሁለቱም እያቀላቀለች፣ ሳትቸኩል ሳትቆጣ ጠየቀችኝ። ከዚያ፣

“ሰውየው ዛሬ መጥቶ ቢመረመርና ነፃ ቢሆን፣ አንቺ የአንድ ወር መድኃኒት አትውጪም ነበር። እስቲ ደውይለት” አለችኝ።

ግቢው ውስጥ ጥላ ፈልጌ ደወልኩ። የነገረችኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ድምፁን ቀነሰ።

“እዚያ ሁሉም ያውቀኛል። ተጠሪ ሆኜ ምን ይሉኛል?”

ባቲ እንሂድ አልኩት፤ ባቲም የሚያውቁት አሉ። በሚቀጥለው ወር ደሴ ስብሰባ ስላለው ያን ጊዜ እግረ መንገዱን እንደሚያየው ነገረኝ። መድኃኒቱ የደሴን ስብሰባ አይጠብቅም ስለው ሰው መጣብኝ ብሎ ዘጋው።

ተመልሼ ገብቼ አይመጣም አልኳት። አልገረማትም። “አብሽሪ” አለችኝና ደም ወሰደች። ለቂጥኝና ለጉበት ቫይረስም አብራ መረመረችኝ። ከሁሉም ነፃ ሆንኩ። ይህ ግን ከቅዳሜ በፊት ስለነበረው እንጂ ስለ ቅዳሜው እንደማይናገር አስጠነቀቀችኝ፤ መድኃኒቱን ሰጥታ መቼ መቼ እንደምመለስ ነገረችኝ።

ያ ወር አይነሳ። ኪኒኑ ሆዴን ገለበጠው። አብራኝ የምትኖረው እህቴ ጨጓራ ነው ስላት አምናኝ አብሽ እየመታች ታጠጣኝ ነበር። ቢሮም ያንኑ ጨጓራ ብዬ ነበር፤ እሱ ደግሞ በጠረጴዛዬ በኩል ሲያልፍ፣ ሰው እየሰማ፣ “ጨጓራሽ እንዴት ዋለ?” ይለኛል፤ ከንፈሩ ላይ የምታታልል ፈገግታ አለች። እኔ የምውጠው እሱ ስላፈረ ነው። የአንድ ሰው እፍረት በሌላ ሰው ሆድ ሲታከም ያየሁት ያኔ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ፣ በመጨረሻው ምርመራ ቀን ነርሷ ነፃ መሆኔን ነገረችኝ። ከበሩ ሳልወጣ ሰውዬው ደወለ። ቀጠሮዬን ከእኔ እኩል ይቆጥር ነበር ለካ።

“ነፃ ነኝ” አልኩት።

“አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልን!”

“አንተ ምኑን ተገላገልክ?”

“አንቺ ነፃ ከሆንሽ እኔም ነፃ ነኝ ማለት አይደል?”

የመሥሪያ ቤታችን ተጠሪ ነው ይህን ያለው። አንዴ ስለተቀደደ ብቻ የግድ እንደማይተላለፍ፣ እኔ ደግሞ አንድ ወር ሙሉ መድኃኒት እንደዋጥኩ፣ የእኔ ደም ስለ እሱ ደም ምንም እንደማይል ለተማሪ እንደሚነገር ነገርኩት። ለእኔ ብለህ ሳይሆን ከእኔ በኋላ ለምትመጣው ብለህ ተመርመር አልኩት። “እሺ፣ ኢንሻአላህ” አለ። ላለማድረግ የሚባል ኢንሻአላህ አለ፤ እኛ አገር ሁሉም ያውቀዋል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከጨፋ ሮቢት የመስክ ሥራ ስንመለስ በመኪናው የኋላ ወንበር ጠጋ አለኝ። በሹክሹክታ፣ ቅዳሜ እንድመጣ ጠየቀኝ። “አሁንማ ሁለታችንም ነፃ ነን፤ ያ ላስቲክ ምን ያደርግልናል?” አለ።

ሹፌሩን አቁምልኝ አልኩት። ወርጄ ጋቢና ገባሁ። ሹፌሩ ሙቀቱ ነው ብሎ መሰለኝ መስኮቱን ዝቅ አደረገልኝ።

ዛሬም አንድ ቢሮ ነን። ከሥራ ጉዳይ በቀር አናወራም። እስካሁን አልተመረመረም። ቢመረመር ኖሮ እሰማ ነበር፤ እሱ የሠራውን ደህና ነገር ደብቆ አያውቅም።