ማሾ የበላው ግመልና የጽሕፈት መኪናው

ቀጭ ቀጭ ቀጭ... ከዚያ ድንግ! የጋሼ ዘውዴ የጽሕፈት መኪና በሸዋ ሮቢት ፍርድ ቤት ማዶ ሃያ ዓመት እንዲህ ሲል ኖረ። አሠሪያቸው ጠበቃ ሲያርፉ ቢሮውም፣ መኪናውም፣ ጋሼ ዘውዴም ለጠበቃው ልጅ ለውባለም ተላለፉ።

በ1999 ዓ.ም. ውባለም ኮምፒውተር አስገባች።

«ጋሼ፣ የአቤቱታው ዓይነት ሁሉ ተጽፎ ውስጡ ተቀምጧል። ስም መቀየር ብቻ ነው።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ ያነባሉ።»

የጽሕፈት መኪናው ጨርቅ ለበሰ፤ ቅዳሜ ከደብረ ሲና ገዢ ሊመጣለት ነው። ለጋሼ ዘውዴ የቀረቻቸው፣ ባለጉዳይ በፊርማ ፈንታ ጣቱን ከማሳረፉ በፊት ጽሑፉን ጮክ ብለው ማንበብ ብቻ ናት። «ያልሰሙትን ወረቀት መፈረም ያላዩትን ማግባት ነው» ይሉ ነበር ሟቹ ጠበቃ።

ሐሙስ ዕለት የጀውሃዋ ሙሀባ መጣች። የጎረቤቷ የካሚል ግመል የማሾ ማሳዋን ሙልጭ አድርጎ በልቶባታል፤ አቤቱታ የማስገቢያው ቀን ደግሞ ዛሬ ያበቃል። ውባለም ተጣድፋ አንዱን ከፈተች፣ ስም ቀየረች፣ አተመች።

«ንባቡ ይቅር ጋሼ፣ ፍርድ ቤቱ ሊዘጋ ነው። ጣቷን ታሳርፍ።»

ጋሼ ዘውዴ ወረቀቱን ገረፍ አድርገው ቢያዩት የፍቺ አቤቱታ ነው! ዝም ቢሉ ኮምፒውተሩ ዳኛ ፊት ይዋረዳል፣ መኪናቸውም ከመሸጥ ይተርፋል። ሙሀባ ግን ማሾዋ ቀልጦ ይቀራል። የጣት ማሳረፊያውን የቀለም ሙዳይ ሊከፍቱ እጃቸውን ሰደዱና መለሱት። መነጽራቸውን ሰኩ።

«"እኔ ሙሀባ ከተከሳሽ ካሚል ጋር በትዳር አሥራ አንድ ዓመት ኖረን..."»

«አስተግፊሩላህ! ማን? እኔ? ያንን ጥርሰ ወላቃ?»

«"ሦስት ልጆችም አፍርተን..."»

«ኧረ ጋሼ! የት አድርጌያቸው ነው ልጆቹን?»

«"ከእንግዲህ አብረን መኖር ስላልቻልን፣ የጋራ ንብረታችን የሆነው ግመል እኩል እንዲካፈል..."»

ሙሀባ አሰብ አደረገች።

«እሷስ ሐቅ ናት፤ ግማሹ ሆዱ የኔ ማሾ ነው። ባልየውን ግን አውጡልኝ፣ በአላህ!»

ጋሼ ዘውዴ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፈኑት። ውባለም ፊቷ በርበሬ መሰለ። ሰዓቷን አየች፤ ሩብ ሰዓት ቀርቷል፤ ለግመል የተጻፈ አቤቱታ ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም። ተነሥታ ከጽሕፈት መኪናው ላይ ጨርቁን ገፈፈች፤ ነጭ ወረቀት አጉርሳ ወንበሩን ወደ ጋሼ ዘውዴ አስጠጋች። ከዚያ መኪናው ዳግም የሚለብሰው እንዳይኖር ጨርቁን በብብቷ ይዛ፣ ደኅና ዋሉ እንኳ ሳትል ወጥታ ሄደች።