የወንድሜ ልጅ ወልቂጤ ላይ ስትጨፍር

ዛሬ ወልቂጤ፣ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ፣ እናቴ እልልታዋን አቋርጣ ማልቀስ ጀመረች።

የጉራጌ ዘፈን ተከፍቶ መሃል የገባችው የወንድሜ ልጅ ነበረች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ አገሯን ስታይ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ወንድሜ አምና እዚያው አርፎ እዚያው ተቀበረ።

ልጅቷ በግራ እግሯ እየዘለለች ቀኙን ትጎትታለች። ወጣቶቹ ሳቁባት።

አፈርኩና ላርማት ሄድኩ። (እኔ ስጨፍር ያየኝ ሰው እንዴት እንደሚስቅ የምታውቁ ታውቃላችሁ።)

"ሁለቱንም እግርሽን አንሺ እንጂ!"

"አባዬ እንዲህ ነው ያሳየኝ" አለች ግራ ገብቷት። "ሁሌ እሁድ፣ ቤት ውስጥ።"

ያኔ ገባኝ። ወንድሜ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ቀኝ እግሩ አይታጠፍም ነበር። እሷ የጭፈራው ደንብ መስሏታል።

እናቴ ከኋላ እጄን ያዘችኝ። "ተዋት። ልጄ እኮ ነው የሚጨፍረው።"

ከዚያ አክስቶቼ አንድ በአንድ ተነስተው ከበቧት። እንባቸውን እየጠረጉ፣ እነሱም ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ አብረዋት ጨፈሩ።

ሰው አገር የቀረ ዘመድ ያላችሁ፣ ልጆቹ ምን ይዘውላችሁ መጡ? እስቲ ንገሩኝ፤ ዛሬ ብቻዬን ማልቀስ አልፈልግም።