የክለባችን ኋለኛ

በሩጫ ክለባችን ጄሶ እንለዋለን። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ሱሪው ጉልበቱ ላይ ነጭ ዱቄት ተለጥፎበት ስለነበር ነው። እኔ ዳቦ ጋጋሪ መስሎኝ ነበር። ለካ ጥርስ ሠሪ ነው። ሐኪም ማለቴ አይደለም። ሐኪሙ ከታካሚው አፍ ልክ ወስዶ ይልክለታል፤ እሱ ልኩ ላይ ጄሶ ያፈስሳል፣ ሲደርቅ ድዱን በሰም ያበጃል፣ ጥርሱን አንድ በአንድ ይደረድርና መልሶ ይልካል። የሚሠራው አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ መስኮቷ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ በምታሳይ ክፍል ነው። ባለጥርሶቹ እሱን አያውቁትም፤ እሱም ከአፋቸው በቀር ምናቸውንም አያውቅ።

አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ፊት ለፊቱ የተቀመጠች ሴትዮ ስትስቅ የገዛ ሥራውን አየ። ከላይ በግራ በኩል ያለችውን አንዷን ጥርስ፣ ሐኪሙ «እንደ ድሮዋ ትሁንላት» ስላለው፣ ሆን ብሎ ትንሽ አጣሞ የተከላት እሱ ነው። ደስ አለውና ፈገግ አለላት። ሴትዮዋ ምን ያፈጥብኛል ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ምን ይበላት? የሚስቁበት ጥርስ የእኔ ነው ይባላል?

ይህን ያወራልኝ ራሱ ነው፣ እየሮጥን። ክለባችን ውስጥ እኔ ከፊት አይደለሁም፣ ከኋላም አይደለሁም፤ መሐል ነኝ። መሐል ለወሬ ይመቻል። ከፊትም ከኋላም ይደርሰኛል።

ጄሶ እናቱ ካረፉ ወዲህ ከታናሽ እህቱ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ይኖር ነበር። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። የጎረቤቱ ጠብ፣ የቲማቲሙ መወደድ፣ የመሥሪያ ቤቷ አለቃ አዲስ ፀጉር፣ ሁሉም በእሷ በኩል ነው ቤት የሚገባው። እሱ ማውራት የማይችል ሰው አልነበረም፤ ተራ ደርሶት አያውቅም እንጂ። ከዚያ እህትየው፣ ዘመድ ሁሉ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ፣ ባል አገኘች። የሌላ ከተማ ሰው ነው። ጄሶ መረቃት፣ ሻንጣዋን ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነላት፣ እስክትሰወር እጁን አውለበለበና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቁም ሣጥኑን ሲከፍተው ግማሹ ባዶ ነው። ቤቱ ወና ሆነበት።

የሥራ ቀን እንደምንም ይገፋል። እሑድ ግን አይገፋም። አንድ እሑድ ጠዋት ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ሲያይ ቆየና ብድግ ብሎ ወጣ። መጀመሪያ ተራመደ፣ ከዚያ ፈጠን አለ፣ ከዚያ በቆዳ ጫማው መሮጥ ጀመረ። ከቤቱ ነበር የሚሸሸው። አንድ ጋዜጣ ሻጭ አይቶ አዘነለት።

«አውቶቡሱ ሄዷል ወንድሜ፣ አትልፋ!»

እንደዚያ እየሮጠ ነው አንድ ዳቦ ቤት ጥግ ላይ እኛን ያገኘን። በየእሑዱ የምንሰባሰበው እዚያ ነው። አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ ከአንገታቸው ስለማይለያቸው ነገር ከኋላቸው ጋሽ ፊሽካ እንላቸዋለን። ሲያዩት ነፉበት።

«አንተ ባለ ቆዳ ጫማው! ና ወደዚህ!»

ደንግጦ ቆመ። ያጠፋው ነገር ያለ መስሎት ይቅርታ ሊጠይቅ ሁሉ ነበር።

«ጫማ ግዛና የሚመጣው እሑድ ና» አሉት። «ብቻህን አትሩጥ። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ሲባል አልሰማህም? ምን ዋጋ አለው!»

ገዝቶ መጣ። እዚህ ላይ የክለባችንን ደንብ ልንገራችሁ። ጋሽ ፊሽካ ሰው ኋላ ቀርቶ ብቻውን ሲያለከልክ ማየት አይወዱም። ስለዚህ ወር በወር ከፈጣኖቹ ወይም ከመሐለኞቹ አንዱ ኋላ ይመደባል፤ ጭራ ጠባቂ ይባላል። ሥራው መጨረሻ ካለው ሰው ጎን መሮጥ፣ ማጫወት፣ ማበረታታት ነው። ለአዲስ ሰው ግን እንዳያፍር ብለን አንነግረውም። በጎ ደንብ ነው። እኔም ስጀምር በዚሁ ነው ያለፍኩት፤ ያን ወር ጎኔ የሮጠችው ሴት ወዳኝ ይመስለኝ ነበር፣ ኋላ ሳውቅ ሳቅሁ። እኔ ቤት ግን ባልና ሦስት ልጆች አሉኝ። መሳቅ ይቀላል።

ጄሶ ሲመጣ ጭራ ጠባቂው ቧንቧ ሠራተኛው ነበር፤ በአጭሩ ቧንቧው እንለዋለን። ይህ ሰው አፉ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው ባለሙያ አልተወለደም። ትንፋሽ እያጠረውም ያወራል። የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግን ውሎ የራሱ ወጥ ቤት ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ፣ ሚስቱ በዚህ ስትጨቀጭቀው ሦስት ቀን እንደተኳረፉ፣ «እንኳን ሰው ከሰው እግር ከእግር ይጋጫል» ብሎ ሊያስታርቅ የመጣ አማቹ ራሱ ውሃው ላይ አንሸራቶት እንደወደቀ። ጄሶ እየሳቀ ሆዱን ይዞ ይቆማል። ቧንቧውም አብሮ ይቆማል።

«አንተስ? ያንተን አውራኝ እንጂ!» ይለዋል።

ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ጄሶ ሳምንቱን ሙሉ የሚያወራውን ሲያዘጋጅ ይውል ጀመር። የጥርስ ልኮቹ ጠረጴዛው ላይ አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል፤ ለእነሱ ያወራና የማያስቀውን ይጥላል፣ የሚያስቀውን ለእሑድ ያስቀምጣል። ለእህቱም በስልክ ነገራት።

«ጓደኛ አገኘሁ።»

«እሰይ ጋሼ! ቤት ጥራው እንጂ፣ ምሳ ጋብዘው!»

ሊጠራው ወሰነ። ሁለት አዳዲስ ሳሕን ገዛ። በሚቀጥለው እሑድ ከሩጫው በኋላ ሊለው፣ ምን ብሎ እንደሚለውም አጥንቶ መጣ። ያ እሑድ ግን ወሩ የተቀየረበት ነበር። ቧንቧው ትከሻውን መታ አደረገው።

«በርታ ወዳጄ! የእኔ ተራ አለቀ፤ ከዛሬ ጀምሮ ጭራ የምትይዘው እሷ ናት» ብሎ እኔን አሳየውና ወደፊት ተፈተለከ። ክፋት አልነበረበትም። እስከዚያ ደንቡን የነገረው ሰው ያለ መስሎት ነው።

ጎን ለጎን ሮጥን። ላጫውተው ሞከርኩ፤ አዎ፣ አይ፣ እሺ ብቻ። ሲጨርስ አመስግኖኝ ሄደ። ቅስሙ እንደተሰበረ ከአረማመዱ ያስታውቃል።

በተከታዮቹ እሑዶች ቀረ። እህቱ ደወለች።

«ጓደኛህ መጣ? ምሳው እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር» አላት።

«ምን አወራችሁ?»

ያልተወራ ወሬ ፈጥሮ አወራት። እያሳቀ ነው ያወራት። ስልኩን ሲዘጋ ሆድ ባሰው፤ ተቀምጦ አለቀሰ። ይህንንም የነገረኝ እሱ ነው፤ ሲነግረኝ አላፈረም።

ከዚያ አንድ እሑድ ተመልሶ መጣ። ምን አስቦ እንደሆነ በኋላ ጠየቅሁት። «ተራም ይሁን ምንም ይሁን፣ ሰዓት ሙሉ ሰው አጠገቤ ይተነፍሳል፤ ቤት ብቀመጥ ማን ይተነፍሳል?» አለኝ።

እንግዲህ የቤቱን በር ቶሎ ላለመክፈት ሲል ከሥራ ሲወጣ ማታ ማታም መሮጥ ጀመረ። በመጋዘኖቹ ጀርባ፣ ሰው በሌለበት። እግሩ ጠና። ደረቱ ሰፋ። ራሱም ሳያውቀው ፈጣን ሆነ። አንድ እሑድ ራሱን ረስቶ አንዷን ወፍራም ጸሐፊ፣ ከእሷም ሌላ ሁለት ሰው አለፈ። ዞር ሲል ጭራ ጠባቂው ከጸሐፊዋ ጋር እያወራ ይመጣል። ለካ ጭራው ሲቀየር ጠባቂውም ወደ አዲሱ ጭራ ይዞራል። ያን ዕለት እስከ መጨረሻው ብቻውን ሮጠ።

ከዚያ በኋላ ማንንም አላለፈም። ጸሐፊዋ ስትዘገይ ይብስ ይዘገያል፤ ስትቆም የጫማ ክር ለማሰር ይንበረከካል። ምስኪኗ ሰው በለጥኩ ብላ ደስ ይላታል። ከመሮጥ ይልቅ ራስን መያዝ ይከብዳል፤ ጥርሱን ነክሶ ነበር የሚዘገየው። ሁላችንም በላብ ስንታጠብ የእሱ ሸሚዝ ደረቅ መሆኑን አይቼ ገርሞኛል። ከታወቀበት ጭራ ጠባቂው እንደሚነሳበት ያውቃል። ወሮቹ እንዲህ አለፉ፣ እኔም ደገምኩ፣ ሌሎችም ያዙት፣ ዞሮ ዞሮ ተራው እንደገና ቧንቧው ጋ ደረሰ።

በመጋዘኖቹ መንገድ ነበር። ቧንቧው እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ጄሶ አዙሮ ሲያወራ ክዳኑ የተነሳ ቦይ ውስጥ ገባ። የእግሩ አጥንት ሲሰበር ተሰማ። እሑድ ስለሆነ መጋዘኖቹ ዝግ ናቸው፣ ዝር የሚል የለም። ስልክ ደግሞ ጋሽ ፊሽካ አያስይዙንም፤ ሁላችንም መኪናቸው ውስጥ አስቀምጠን ነው የምንሮጠው። መኪናውም እሳቸውም ያሉት ዳቦ ቤቱ ጋ ነው። ቧንቧው ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ወሬ አቁሞ ይጮኻል።

ጄሶ ሹራቡን አውልቆ ከራሱ ሥር አደረገለትና እግሬ አውጪኝ አለ።

ከኋላዬ ኮቴ ስሰማ መጀመሪያ የሚያባርሩት ሌባ መሰለኝ። ዞር ስል ጄሶ ነው። አለፈኝ። ጸሐፊዋን ቀድሞ አልፏታል፤ መሐለኞቹን ሁሉ አለፈ፤ ከፊት የሚሮጡትን፣ ሩጫ ከእኛ ወዲያ ላሳር የሚሉትን ሁለት የባንክ ልጆች እንደቆመ ዕቃ ጥሏቸው ሄደ። እኛ ስንደርስ ጋሽ ፊሽካ በመኪናቸው ሄደው ቧንቧውን ጭነው ሐኪም ቤት አድርሰውት ነበር።

ጋሽ ፊሽካ ሲመለሱ እግሩ ታስሮ ደህና መሆኑን ነገሩንና አስጨበጨቡ። ለጄሶ።

«እንዲህ ያለ እግር ይዘህ ጭራ ላይ ምን ትሠራለህ? ከዛሬ ጀምሮ ከፊት ነህ! ጠባቂ አያስፈልግህም!»

«ይቅርብኝ ጋሼ» አለ። «ኋላ ይሻለኛል።»

«ምን ሲባል?»

«ኋላ ሰው አለ።»

ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

«ሳምንቱን ሙሉ ከሰው ጋር የማወራው እዚህ ነው። ከፊት ከሄድኩ ማን ያዋራኛል?»

ሳቃችን አፋችን ላይ ቀረ። ጋሽ ፊሽካ ፊሽካቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱና ሳይነፉ አወጡት። ከዚያ እያንዳንዳችን የምንቸኩልበት ጉዳይ ትዝ አለንና ተበታተንን።

እሳቸው ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ለሁሉም ሕመም የሚያውቁት መድኃኒት አንድ ነው፤ ሩጫ። በቀጣዩ እሑድ ክብር ይጠግነዋል ብለው ከፊት አሰለፉት። ፊተኞች አያወሩም፤ ይተነፍሳሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ። ጄሶ አንደኛ ገባ። እኛ ሁለት ሦስት እየሆንን፣ እየተሳሳቅን ስንደርስ መኪናው አጠገብ ብቻውን ቆሞ ይጠብቀናል። «አንደኛ!» አልነው። አመሰገነ። አንደኛ ወጥቶ እንደዚያ ያዘነ ሰው አይቼ አላውቅም።

ያን ዕለት ጋሽ ፊሽካ ለቧንቧውም መጠየቂያ ተራ አወጡ። በቀን አንድ ሰው፣ ማንም እንዳይደራረብ። የጄሶ ተራ ገና ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር። እኛም በየተራችን ሄድን፤ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠን፣ ሩብ ሰዓት አጫውተን፣ «እንግዲህ እግዜር ይማርህ» ብለን ወጣን። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባል የለ፤ በልክ በልኩ ሰጠነው።

ቀሪውን የነገረችኝ የቧንቧው ሚስት ናት። ማክሰኞ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ስትከፍት አንድ ሰው ብርቱካን በላስቲክ ይዞ፣ ከበሩ ራቅ ብሎ ቆሟል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ነጭ ነው።

«ከክለቡ ነዎት? የዛሬዋ ተረኛ እኮ ጠዋት መጥታ ሄደች። ተራው የእርስዎ ነው እንዴ?»

«የእኔ አይደለም» አለ። «የእኔ የሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ያን ቀንም እመጣለሁ። ዛሬ እንዲሁ ነው የመጣሁት። ካስቸገርኩ ልመለስ።»

ምን እንደምትለው ግራ ገባት። ባሏ ከውስጥ ተጣራ።

«ማነው?»

«እኔ እንጃ! ተራዬ አይደለም የሚል ሰው ነው!»

ውስጥ ዝም አለ። ያ ሰው ዝም ሲል አይታ ስለማታውቅ የባሰበት መስሏት ዘወር አለች። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ቀስ ያለ ነበር።

«አስገቢው። ወንበሩን ወደዚህ አስጠጊለት። ተራው ካልሆነ አይቸኩልም።»

ጄሶ ገባ። ብርቱካኑን እንደታቀፈ ተቀመጠ፤ ሚስትየው ከእጁ እስክትቀበለው ድረስ መያዙንም አላወቀም።