የቁም ተዝካሯን ያወጣችው ጥሩወርቅ

እትዬ ጥሩወርቅ የቁም ተዝካሯን ካወጣች ሁለት ዓመት ሆናት። ልጅ አልወለደችም፤ ስሞት ማን ያስበኛል ብላ ወይፈኗን አረደች፣ ጠላ ጠመቀች፣ ካህናቱን ጠርታ ሰፈሩን ሁሉ አበላች። እኔም በልቻለሁ፤ ድግሱ ክፉ አልነበረም። ክፋቱ የመጣው ኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህ ጉና ተራራ ሥር ያለው ሰው ሴትዮዋን እንደ ሞተች ቆጠራት። የድንች ዘር ሲታደል «ለእሳቸው ምን ያደርግላቸዋል?» ብለው ዘለሏት። ይህን የሚሉት ግማሾቹ በእሷ አዋላጅነት የተወለዱ ናቸው።

ኅዳር ላይ ሳል ያዛት፤ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ጠዋት ልጠይቃት ስገባ ከዓረብ አገር የተመለሰችው ጎረቤቷ ዓለሚቱ አጥሚት ታጠጣታለች።

«ጋሼ፣ ሳንባቸው ነው። እዚያ ሽማግሌ ሳስታምም አይቼዋለሁ። ሐኪም ቤት ከደረሱ ይድናሉ» አለችኝ።

የሰፈሩ ቃሬዛ የሚቀመጠው ማሩ ቤት ነው። ማሩን ከገብስ ማሳው፣ ማጭዱን እንደያዘ አገኘሁት።

«ቄስ እንጥራላቸው እንጂ ጋሼ። ተዝካራቸው እኮ ወጥቷል።»

«ተዝካር ሰው ይገድላል እንዴ?»

«ምጥ የያዛት ብትሆን ይሄኔ መንገድ ላይ በሆንን ነበር። ለእሳቸው ስምንት ሰው ከአጨዳ ላስነሳ?»

«የሰው ነፍስ እንደ ዕድሜው ይከብራል ይቀላል ነው የምትለኝ?»

«ጋሼ ይሙቱ፣ ፍልስፍናውን ለሰንበቴ ያቆዩልኝ።»

ተናደድኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ የሰው ሕይወት ከፅንስ እስከ ሕቅታ ሊከበር ይገባል የሚለውን የካቶሊኮች ትምህርት አንብቤ በቀይ አስምሬበት ነበር። ማስመር ቀላል ነው። ቃሬዛ ግን በቀይ እስክሪብቶ አይነሳም፤ የእኔም ትከሻ ካለቀ ቆይቷል።

ተመልሼ ስገባ ደግሞ ራሷ ባሰችብኝ።

«ተወኝ አንተ ሰውዬ። የኔ ነገር አልቋል። በልታችሁ ጠጥታችሁ አሁን ምን አድርጊ ነው የምትሉኝ?»

ዓለሚቱ ግን ጎንበስ ብላ «እማማ፣ ጠማዎት?» አለቻት።

«አዎ።»

«ሙት አይጠማውም» ብላ አጠጣቻትና ወጣች። ከማሩ ቤት ቃሬዛውን በትከሻዋ ተሸክማ መጣች፤ ሦስት ሴቶችም ተከተሏት። እትዬን ጠቅልለው አስተኝተው ብድግ አደረጓት።

በእኛ አገር ሴት ቃሬዛ አትሸከምም። አጫጆቹ ከማሳው አሻግረው አዩ። ማጭዱን እየጣሉ እየተሳደቡ ሮጡ፤ «አገር ልታስቁብን ነው?» እያሉ ከሴቶቹ ትከሻ ነጠቁ። ለነፍሷ ያልተነሱት ለስማቸው ተነሱ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እስከ መኪናው መንገድ ሁለት ሰዓት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ማሩ ሲያዳልጠው ከብርድ ልብሱ ውስጥ ድምፅ ወጣ፦

«ማነው እሱ? ማሩ ነህ? ስትወለድም እግርህን አስቀድመህ ነው የመጣኸው፤ ዛሬም መሄድ አትችልበትም!»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ከኋላ እያለከለክሁ ነበርና አልሳቅሁም።

ደብረ ታቦር ስንደርስ ሐኪሙ ሳንባዋ መቁሰሉን ነገረን፤ ኦክስጅን አደረጉላት፣ መርፌ ጀመሩላት። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ሾርባው ጨው የለውም ብላ ከነርሷ ጋር ተጣላች። ቅዳሜ ማሩ ከገበያ መልስ ብቅ አለ። አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ወደኔ ዘወር አለና በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ስንት ዓመት ይቆዩ ይሆን?»

ምርኩዜን አነሳሁበት። እሷ ግን ሰምታ ኖሯል፤ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች።

«አንተን እስክቀብር!» አለችው።