የመቀናጆ በሬ

ልጅ ሳለሁ፣ ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ በየጧቱ ከመንደራችን ቢቸና ድረስ በእግሬ በምመላለስበት ዘመን፣ ማታ ማታ ተረት የሚያወሩልን የእናቴ አጎት አባባ ደሴ ነበሩ። ያኔ መንደራችን መብራት አልገባም፤ ቀን ጣሪያ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ የምትውል አንዲት ትንሽ የሶላር መብራት ነበረችን፣ ደመና በዋለ ቀን ግን እሷም በጊዜ ትጠፋና የኩበት ፍም ብቻ ይቀረን ነበር፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። አባባ ደሴ በጉብዝናቸው ወራት አህያ እየነዱ በቢቸናና በሞጣ መካከል እህልና ጨው ሲነግዱ የኖሩ ሰው ስለነበሩ፣ ተረታቸው ሁሉ የገበያ ተረት ነበር። ቀበሮዋ ትሸጣለች፣ ጦጣዋ ዋጋ ትከራከራለች፣ አንበሳውም መንገድ ላይ ቀረጥ ያስከፍላል። ቁጡ ነበሩ። መሃል ላይ የሚስል ሰው ካለ «ሳልህን ጨርስ፣ እኔ እጠብቃለሁ» ብለው ዝም ይላሉ።

እኔ የኢኮኖሚክስ መጽሐፌን ይዤ ከጎናቸው እቀመጥና እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላቸው ነበር። የሰው ፍላጎት ማለቂያ የለውም፣ ያለው ሀብት ግን ውስን ነው የሚለውን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። «ይህን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ መንገድ የምትኳትኚው? እናትሽን ብትጠይቂያት አትነግርሽም ኖሯል?» አሉኝ። ቢሆንም ይወዱት ነበር፤ በማግስቱ ማታ ያንኑ ምዕራፍ ተረት አድርገው ይመልሱልኛል። ፈተና ላይ የጻፍኩት የመምህሬን ሳይሆን የሳቸውን ነው ብል አልዋሸሁም።

አባቴ ካረፈ በኋላ የቀረን አንድ በሬ ነው፤ አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። ጎረቤታችን አያ ሞላም ያለው እንደዚሁ አንድ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን አቀናጅተን ነበር የምንኖረው፤ አያ ሞላ የእሱንና የእኛን በሬ ጠምዶ የሁለታችንንም መሬት ያርሳል፣ እናቴ በፈንታው ከሚስቱ ከእትዬ የሺ ጋር የሱን ጤፍ ታርማለች። መቀናጆ ይሉታል በእኛ አገር። ሁለቱ ሴቶች ዓመት ከዓመት አብረው ሲያርሙ የአንድ እናት ልጆች ያህል ሆነው ነበር፣ እናቴ ለማንም የማትነግረውን የምትነግረው ለየሺ ነው።

በዚያ ዓመት፣ ሰኔ ሊገባ ሲል፣ እትዬ የሺ ሆዷን አመማት። መጀመሪያ ጸበል ተወሰደች፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ። እዚያ ያያት ባለሙያ ባሏን «ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ቶሎ ትልቅ ሆስፒታል አድርሳት» አለው። አያ ሞላ የሚሸጠው ነገር ቢኖር ያ በሬ ብቻ ነው። ለመጪው የሞጣ ገበያ ሊያወጣው እንዳሰበ መጥቶ ለእናቴ ነገራት። እሱ ሲወጣ እናቴ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። ዝናቡ ጥሎ እርሻው በደረሰበት ሰዓት ያ በሬ ከሄደ መሬታችን ጦሙን ያድራል፤ አለዚያም ለእኩል አራሽ ሰጥተን የአዝመራውን ግማሽ እናጣለን፣ ግማሹ ደግሞ ለእኛ ለእናትና ልጆች እስከ ፋሲካ እንኳ አያደርስም። እኔን ከትምህርት ቤት አውጥታ አዲስ አበባ ሰው ቤት እንድሠራ ከመላክ ሌላ ምርጫ እንደማይኖራት አውቅ ነበር፤ ከእኔ በፊት ያቋረጡት የመንደራችን ሴቶች ልጆች የሄዱት እንደዚያ ነው።

ማታ እናቴ አባባ ደሴን ለመነቻቸው። «ጋሼ፣ ሞላ እርስዎን ሊሰማ ይመጣል አይደል? ዘሩ እስኪወርድ ብቻ በሬውን እንዲያቆየው አንድ ነገር ያውሩለት። እኔ በምን አፌ ሚስትህ ትቆይ ልበለው?»

አባባ ደሴ ፍሙን በጭራሮ ሲቆሰቁሱ ቆዩ። በመጨረሻ «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» አሉ፣ ሳይስቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው መጽሐፍሽ ስለ በሬ ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ። ስለ በሬ አይልም፣ ስለ ካፒታል ነው የሚለው፤ ማምረቻውን የሚበላ ቤትም ሆነ አገር አያድግም ይላል አልኳቸው።

በማግስቱ ማታ አያ ሞላ ሚስቱን አስተኝቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ መጣና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ያን ማታ የሰማሁትን የሚያህል ተረት ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም። በሬ ያቀናጁ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አንደኛው ድግስ አማረውና በሬውን ሸጠ፣ አንድ ሰሞን በላ፣ ጠጣ። ዝናቡ ሲመጣ መሬት አለው፣ ጉልበት አለው፣ ዘር አለው፣ በሬ የለውም። የጎረቤቱ በሬ ጓደኛውን ፍለጋ የእርሻውን ዳር እየዞረ ያገሳል። አባባ ደሴ ያን ድምፅ ሲያሰሙ ታናሽ ወንድሜ አለቀሰ። ሁለቱም ማሳ አረም ዋጠው፣ ጥቅምት ሳይገባ ሁለቱም ቤት ተዘጋ፣ ልጆቻቸው በየአገሩ ተበተኑ። «አንድ ሰው አስቦ፣ አንድ በሬ ስቦ» ብለው ጨረሱ።

በተረቱ ውስጥ የታመመ ሰው አልነበረም። ያኔ እኔ ይህን አላስተዋልኩም፣ አያ ሞላ ሳያስተውል የቀረ ግን አይመስለኝም። ሲነሳ «እንግዲህ ዘሩን አውርደን እናየዋለን» አለ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እኔ ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ትምህርቴ ተረፈ ብዬ እንቅልፍ እስኪነሳኝ ደስ አለኝ።

ጤፉ ተዘራ። አያ ሞላ እያረሰ በየትልሙ ጫፍ ቆም ብሎ ወደ ቤቱ ያይ ነበር። በፍልሰታ በሬውን ሞጣ ሸጠና የሺን ሆስፒታል አደረሳት፤ ሐኪሙም ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጧት አለው። መልሶ አመጣት፣ መስቀልን ሳታይ አረፈች። እናቴ ለቅሶው ላይ ደረቷን ስትደቃ ሰዎች ያዟት፤ ለቀስተኛው ሁሉ እንዲህ ያለ ጉርብትና አላየንም እያለ ያደንቃት ነበር።

በዚያ ዓመት ጤፉ ያዘ። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ሌሎች ገበሬዎችን እየሰበሰበ የሁለታችንን ማሳ አስጎበኘ። አያ ሞላ ካገኘው ምርት ሸጦ ሌላ በሬ ገዛና እንደገና ከእኛው ጋር አቀናጀ። መጽሐፉ ያለው ሁሉ አንድም ሳይቀር ሆነ።

ውቂያው ያለቀ ሰሞን አያ ሞላ ማታ መጥቶ እስቲ ያውሩ አባባ አላቸው። እሳቸው ጭራሮ አንስተው ፍሙን ይቆሰቁሱ ጀመር። «ተረትዎ እኮ እውነት ነበር» አለ፣ በቁጣ አይደለም፣ ቁጣ ቢሆን ይሻለን ነበር። «ይኸው ጎታዬ ሞልቷል። የሚጋግርልኝ ነው የጠፋው።»

አባባ ደሴ ከዚያ ማታ ጀምሮ ተረት አላወሩም። ወንድሜ ሲለምናቸው ጉሮሮዬን አሞኛል ይሉታል፤ ጉሮሯቸውን እንዳመማቸው ሞቱ።

እኔ በዚያ ጤፍ ነው የተማርኩት። ዛሬ ሞጣ ውስጥ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፤ ማምረቻውን የሚበላ አገር አያድግም ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ደግሞም አምንበታለሁ። ከዚያ ሁሉ ምሽት በልብሽ ምን ቀረ ብባል ግን ፍሙም ጭሱም አይደለም፤ መጽሐፉ በየምዕራፉ የሚደግማት አንዲት ሐረግ ናት። ዋጋ ቢጨምር ይህ ይሆናል፣ ምርት ቢቀንስ ያ ይሆናል ይልና፣ «ሌላው ነገር ሁሉ ባለበት ቢቆይ» ይላል። እዚያ ስደርስ እትዬ የሺ ትዝ ትለኛለች፣ ፈጠን ብዬ አልፋለሁ። ባለፈው ሰሞን ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ሌላው ነገር ባለበት ባይቆይስ?» አለችኝ።

«እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» አልኳትና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።