ከሙሽሪት ጋር የተላከችው ዙሪያሽ

የአክስቴ ሠርግ በተመከረበት ቀን ቆቦ ባለው ቤታችን የነበርነው አባቴ፣ እናቴ፣ ልትዳር የደረሰችው አክስቴ፣ ከሮቢት የመጡት የሙሽራው አባት አያ ሞላ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እኔና ዙሪያሽ ነን። ዙሪያሽ እናቷ ስትሞትባት ከዞብል በኩል እኛ ቤት የመጣች፣ እኔን የምታክል ልጅ ነበረች፤ «ቤተሰብ ናት» ይሏታል፣ የምትበላው ግን ሁላችን በልተን ስናበቃ ነው።

ይህን ትዝታ የቀሰቀሰብኝ የልጄ ጥናት ነው። ትናንት እንደ ልማዴ የበሩን መቀርቀሪያ ደጋግሜ አይቼ፣ አጠገቧ ማሽላ ስለቅም፣ «እማየ፣ ፋሚሊ፣ ቤተሰብ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እኮ በላቲን መነሻው የቤት አገልጋዮች ማለት ነበር፤ ሰርቪስም የመጣው ሰርቩስ ከሚል ነው፣ ባሪያ ማለት» አለችኝ። «መምህራኑን የሚያመላልሰው ሰርቪስም?» ብላት በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን፣ አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሴት፣ ማሽላውን ትቼ ዙሪያሽን አሰብኩ። ለካ የእኛ ቤት ሰው ላቲን ሳይማር ይህን ያውቅ ኖሯል።

በዚያ ክረምት ዙሪያሽ መስከረም ሲጠባ ትመዘገቢያለሽ ተብላ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት ቦርሳ ሰፍታ፣ ባዶውን አንግታ ግቢውን እየዞረች፣ «ደወል ተደወለ፣ ግቡ!» እያለች ዶሮዎቹን ታሰልፍ ነበር።

እንግዶቹ ሲመጡ ሳፋ ይዛ ቀረበች። ከአያ ሞላ ተረከዝ ስንጥቅ የወጣው ጭቃ ውሃውን እያጠቆረው፣ እሳቸው ከላይ ጥብስ እየጎረሱ፣ አጥባ ስታበቃ ጎንበስ ብላ እግራቸውን ሳመች፤ እሳቸውም ቅባት የነካውን እጃቸውን በጸጉሯ ጠረጉት።

«ይቺ የማን ናት?»

«አያ፣ እሷማ ቤተሰብ ናት» አለች እናቴ።

«እንዲያ ከሆነማ ከሙሽሪት ጋር ትምጣልና! ሙሽሪት ብቻዋን እንዳይከፋት።»

ሁሉም ሳቁ። አባቴም «ምን ችግር አለው» አለ። ዙሪያሽ ሳፋውን እንደያዘች «ትምህርቱስ ጋሼ?» አለችው። «ሮቢትም ትምህርት ቤት አለ» አላት፣ ዓይኑን ከሥጋው ሳያነሳ።

ሄደች። ብዙም ሳይቆይ አክስቴ ተፋታች፤ አባቴ ሮቢት ድረስ ሄዶ ሳጥኗን፣ ፍራሿን፣ ጊደሯን ሳይቀር አስመልሶ በጭነት መኪና አመጣ። ዙሪያሽን አላመጣትም። የት እንዳለች ስጠይቅ አክስቴ፣ የተረፈ ልብስ የሰጠች ያህል ቀለል አድርጋ፣ «ለአማቴ እህት ተሰጥታለች» አለችኝ። እናቴ የጊደሯን ጎድን እየዳበሰች «ምነው እንዲህ ከሳች!» ስትል፣ ዙሪያሽን አንድም ሰው አላነሳትም።

የልጅነት ቤቴን እንደ ሌላው ሰው ልናፍቀው እሞክራለሁ፤ የማሽላ እሸቱን ጥብስ፣ ከጎርፍ በኋላ የሚሸተውን የራያ አፈር፤ ግን ያ የእግር እጣቢ ሁሉንም ያገማብኛል። ልጄን «ደሴ ወስደን እናስተምርልሽ፣ እንደ ቤተሰብ ትኖራለች» የሚሉ ዘመዶች ሲመጡም በሩን አሳያቸዋለሁ፤ ኩሩ ይሉኛል፣ ይበሉኝ።

ዙሪያሽ ዛሬ በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። የግራ ቅንድቧን የሚቆርጥ ጠባሳ አላት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። በሮቢት፣ በጎብዬ ወይም በሌላ አገር የምታውቋት ካላችሁ፣ በሕይወት መኖሯን ብቻ ንገሩኝ።